በጅማ ያገኘሁት የሞተር ሳይክል ኩሽኔታ ቅየራ አገልግሎት

ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ ጮቆርሳ የቡና ማሳዎች የምመላለስባት ባለ 150 ሲሲ ሞተሬ ባለፈው ክረምት በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ የፊት ጎማ ኩሽኔታ (በውስጥና በውጭ ቀለበቶች መካከል ኳሶች ይዞ ጎማውን በቀላሉ የሚያሽከረክር ዕቃ) አስቀይራኛለች። የመጀመሪያውን የቀየረልኝ ጋራዥ ሥራውን ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቢጨርስም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጎማው መጮህ ጀመረ፤ ፍሬን ስይዝም መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚህ የምገመግመው ሁለተኛውን ቅየራ ያከናወነውን፣ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ከሁለት ተለማማጆች ጋር የሚሠሩበትን አነስተኛ ጋራዥ ነው።

ባለሙያው ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነሥተው ግራና ቀኝ ወዘወዙት፤ ቀጥሎም እያሽከረከሩ መዳፋቸውን ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ አሳርፈው ንዝረቱን አዳመጡ። ፐርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ሲወጣ አንዱ ተለማማጅ «ጋሼ፣ ቱቦዋ የለችም እኮ» አላቸው፤ የጉዳቱ ምክንያትም ይኸው ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትቀመጠው የብረት ቱቦ የውስጥ ቀለበቶቹን ደግፋ የምትይዝ ናት፤ እርሷ ከሌለች የፐርኖው ዳዶ በጠበቀ ቁጥር ሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች እርስ በርስ ይሳሳቡና ኳሶቹ ከመንገዳቸው መሐል ወጥተው ጠርዝ ላይ እንዲሽከረከሩ ይገደዳሉ። በእንዲህ ያለ ጫና ውስጥ የገባ ኩሽኔታ የቱንም ያህል ጥሩ ስሪት ቢሆን ዕድሜ አይኖረውም። የቀድሞው ጋራዥ ቱቦዋን የት እንዳደረሳት እስካሁን አላወቅሁም፤ ሕይወቴን ተሸክማ በምትሄድ ጎማ ላይ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት መፈጸሙ ግን አሁንም ያሳዝነኛል።

ባለሙያው የኩሽኔታዎቹን መቀመጫዎች ርቀት በካሊፐር (የርዝመት መለኪያ) ለክተው አዲስ ቱቦ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በሚቀረጽበት፣ አስቀረጹ። ከመቀመጫዎቹ ርቀት እኩል ወይም በጥቂቱ ብትረዝም እንጂ በፍጹም ማጠር እንደሌለባት ለተለማማጆቹ ሲያስረዱ እኔም አብሬ ተማርሁ። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች የመጠን ቁጥራቸው 6301 ሲሆን የውስጥ ቀዳዳቸው 12፣ የውጭ ስፋታቸው 37፣ ውፍረታቸው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያላቸውን መምረጣቸውን ወድጄዋለሁ፤ በቆርቆሮ የተከደኑት አቧራን በመጠኑ ቢከላከሉም የጅማን ክረምት ጭቃና ውሃ አይችሉትም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የአገጣጠማቸው ሥርዓት ነው። ኩሽኔታዎቹን ከጎረቤት ጁስ ቤት ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው፣ የቸርኬውን መሐል በመጠኑ አሞቁትና የውጭውን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቡሶላ (ክብ የብረት መግፊያ) ቀስ እያሉ አስገቡ። የውስጡ ቀለበት ከተመታ ኳሶቹ መንገዳቸውን ስለሚያጎደጉዱት ገና ከጅምሩ የተበላሸ ኩሽኔታ ይዞ መውጣት ይሆናል። አንደኛውን እስከ መቀመጫው ካደረሱ በኋላ ቱቦዋን አስገቡ፤ ሁለተኛውን የነዱት ደግሞ ቱቦዋን እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው።

ግራሶን በተመለከተ ይበዛል እንጂ አይጎድልም የሚል እምነት ነበረኝ። ባለሙያው ግን የተከደነ ኩሽኔታ ግራሶው ከፋብሪካ ተለክቶ የሚገባ መሆኑን፣ ውስጡ ጢም ብሎ ከተሞላም ኳሶቹ ግራሶውን እየገፉ ሙቀት እንደሚፈጥሩ ነገሩኝ፤ ስለዚህ ክዳኑን አልከፈቱም። ፐርኖውን በነጭ ጋዝ አጥበው ካደረቁ በኋላ ስስ የሊቲየም ግራሶ ቀቡት፤ ውሃ የሚያግደውን ጎማ ከንፈርም እንዲሁ። በቀለሙ ብቻ ተማምኖ አንዱን ግራሶ ከሌላው መቀላቀል እንደማይገባም አስጠነቀቁኝ፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲገናኙ ቀጥነው ይፈስሳሉና።

ጉድለት የለውም አልልም። ቱቦዋ እስክትቀረጽ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቄአለሁ፤ የእጅ ዋጋቸውም ከቀድሞው ጋራዥ እጥፍ ነው። ዳዶውን ያጠበቁት የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ሳይሆን በእጅ ልምድ መሆኑ ደግሞ እንዲህ ለተጠነቀቀ ሥራ የማይመጥን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ መሣሪያውን ቢገዙ ሥራቸው ይበልጥ ይሟላል። ዋጋውን ግን አላማርርም፤ በርካሽ ያስቀየርሁት ኩሽኔታ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ኩሽኔታ አስገዝቶኛል።

ላቫጆ ውስጥ ባለ ግፊት ውሃ ወደ ጎማው መሐል እንዳይረጭ ነግረውኝ ስለነበር አሁን በባልዲና በጨርቅ አጥባታለሁ። 500 ኪሎ ሜትር ከሄድሁ በኋላ እንደ ቀጠሯችን ስመለስ ጎማውን እንደገና አስነሥተው ወዘወዙት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ለዚህ ፍተሻ አላስከፈሉኝም፤ በመስከረም መጨረሻ የኋላውን ጎማ ይዤላቸው እሄዳለሁ።