ቫይስ በላፕቶፕ ላይ፦ ኮሞዶር 64 ከነጣጣው

ሥራ ቦታ አብረውኝ የሚውሉ አንድ ጀርመናዊ አሉ። እዚህ ፍራንክፈርት ሁሉም ሰው በስማቸው ነው የሚጠራቸው፣ እኔ ግን በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ወሬ ሲጀመር ዞረው ዞረው ኮሞዶር 64 ላይ ነው የሚያርፉት፣ በወጣትነታቸው ቤታቸው የነበረችው ኮምፒውተር። ጀርመኖቹ ቅርጿን አይተው "ብሮትካስተን" ይሏታል፣ የዳቦ ሳጥን እንደማለት። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የማውቀው ጌም ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቄ፣ በጨዋታ እየከፈልኩ የነካሁትን ብቻ ነው። ወሬው ሲበዛብኝ እስቲ ልየው ብዬ ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር አወረድኩ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ኢሙሌተር ማለት የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። ቫይስ በነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ደስ ያለኝ ሮም (ማሽኑ ውስጥ ተቀርጾ የሚመጣው መነሻ ፕሮግራም) ፍለጋ የትም አለመንከራተቴ ነው፤ ለኮሞዶሩ የሚያስፈልገው ሮም አብሮት ይመጣል።

ዊንዶውስ ላይ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ፎልደሩ ውስጥ የፕሮግራሙ ብዛት ግራ ያጋባል። ቫይስ የሚያስመስለው የኮሞዶርን ቤተሰብ ነው፤ ቪክ 20፣ ፔት፣ ፕላስ 4፣ ኮሞዶር 128፣ ሁሉም የየራሱ ፋይል አለው። ቢን የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ "ኤክስ64ኤስሲ" (x64sc) የሚለውን ክፈቱ፣ የኮሞዶር 64ቱ እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ሌላውን ከፍቼ "ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው እንዴ?" ብዬ ነበር።

ትክክለኛው ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። 38911 ባይት ነጻ አለ ይላችኋል፣ ከሥሩ "ሬዲ" የሚል ቃል፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም የምትል ካሬ። በቃ። አይከን የለ፣ ማውዝ የለ። 1982 ላይ የወጣ፣ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ያለው፣ ፍጥነቱም 1 ሜጋኸርዝ ገደማ የሆነ ማሽን ነው። በቴሌግራም የምትልኩት አንድ ፎቶ እዚያ ሚሞሪ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

ድሮ ጌም የሚጫነው ተጽፎ ነው። "ሎድ" ትላላችሁ፣ በጥቅስ ውስጥ ኮከብ፣ ከዚያ ኮማ 8 ኮማ 1። እኔም በወጉ ልሞክረው አልኩ። ፊደሉ አልወጣም። ደግሜ መታሁ፣ አሁንም የለም። ለካ ኪቦርዴ አማርኛ ላይ ነው! ቀየርኩት፣ አሁን ደግሞ ጥቅሱን ረስቼ "ሲንታክስ ኢረር" አለኝ። እናንተ እዚህ ውስጥ መግባት የለባችሁም፤ ዲ64 ብሎ የሚያልቀውን የዲስክ ፋይል ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉት፣ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያስነሳል።

ጽፋችሁ ከጫናችሁት ግን መጠበቅ አለ። ቫይስ 1541 የሚባለውን የኮሞዶሩን ዲስክ ማንበቢያ ዝግመቱ ሳይቀር ነው የሚያስመስለው። በሰከንድ የሚያነበው 400 ባይት ገደማ ስለሆነ፣ 40 ኪሎባይት የሆነ ጌም ከደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ካሴት ይባስ። አዎ፣ ጌም በዚያው እኛ በእስክርቢቶ ስናጠነጥነው በነበረው ተራ ካሴት ነበር የሚሸጠው። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ኦልትና ደብሊው አንድ ላይ ሲጫኑ ማሽኑ ይከንፋል። ሲጨርስ ማጥፋት አትርሱ፣ ጌሙም አብሮ ይከንፍና ምን እንደገደላችሁ ሳታዩ ትሞታላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓቴን ሙሉ የበላው ጆይስቲኩ ነው። ማሽኑ ሁለት የጆይስቲክ ሶኬት አለው፤ አንዳንዱ ጌም አንደኛውን ይፈልጋል፣ አብዛኛው ሁለተኛውን፣ የሚነግራችሁ ግን የለም። ጌሙ ተከፍቷል፣ ሙዚቃው እየሄደ ነው፣ ሰውዬው ንቅንቅ አይልም። ኦልትና ጄ ሶኬቶቹን ያቀያይራቸዋል፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ በጆይስቲክ ፈንታ የሚያገለግሉት የቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች የሉትም። ስለዚህ ሴቲንግ ገብቼ ኪሴት የሚለውን፣ ማለት የትኛው የኪቦርድ ቁልፍ በጆይስቲክ ፈንታ እንደሚሠራ የሚመረጥበትን ሞላሁ፣ ቀስቶቹን ለመሄጃ፣ የቀኙን ኮንትሮል ለመተኮሻ። አልሠራም። እንደገና ሞላሁ። ለካስ ኪሴት ይፈቀድ የምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷ ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ የሞላችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ደስ ብሎኝ አንድ ሰዓት ተጫወትኩ፣ ዘጋሁት፣ በማግስቱ ስከፍተው ሁሉም ነገር ጠፍቷል። ሴቲንጉን ራሳችሁ ሴቭ ካላደረጋችሁ፣ ወይም ስወጣ ሴቭ አድርግ የሚለውን ካላበራችሁ አያስታውስም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላነብ ነው የገባሁት። ቢሆንም በዚህ ዘመን ይሄን ነገር ለተጠቃሚው መተው አይገባኝም።

ድምፁን ስትሰሙ ግን ይቅር ትሉታላችሁ። ሲድ የምትባለው የድምፅ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው። የነደፋት ቦብ ያኔስ በኋላ ኤንሶኒክ የሚባለውን የሙዚቃ ኪቦርድ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው፣ ሰውየው ለሙዚቃ እንደሠራት ያስታውቃል። ሁለት ሞዴል አላት፣ አሮጌዋ 6581፣ አዲሷ 8580፣ ቫይስ ሁለቱንም ያስመርጣችኋል። ያው ሙዚቃ በአሮጌዋ ወፈርና ሻከር ይላል፣ በአዲሷ ጥርት ይላል። እኔ አሮጌዋን መርጬ ቀረሁ። በላፕቶፕ ስፒከር አትፍረዱባት፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ስለ ጌሞቹ፣ ኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ስለተገኘ ብቻ ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ዛሬም ባለቤት አላቸው። እኔ ሳምስ ጆርኒ የሚባለውን ገዛሁ። ናይትስ ኦፍ ባይትስ የተባለ ቡድን ለዚሁ ለ1982ቱ ማሽን ሠርቶ 2017 ላይ ያወጣው ነው። ልጁ የኒንጃ ወይም የባሕር ወንበዴ ልብስ ሲለብስ ችሎታውም አብሮ ይቀየራል። ስክሪኑ እንደዚያ ሲንሸራተት 64 ኪሎባይት መሆኑን ማመን ያቅታል።

ከፍቼ ወዲያው ልጫወት ለሚል ሰው ቫይስን አልመክርም፣ ይታክተዋል። መነካካት ለሚወድ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ ያውም በነጻ።

ባለፈው ዓርብ ላፕቶፔን ይዤ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሎድ፣ ጥቅስ፣ ኮከብ፣ ኮማ 8 ኮማ 1 ብለው ወረወሩት፣ ጣታቸው አንዱንም አልረሳም። ጊዜ እንዳይሄድባቸው ብዬ ኦልትና ደብሊው ልጫን ስል እጄን ያዙኝ። "ተወው" አሉኝ። ቡናቸውን ቀድተው መጡና ስክሪኑን እያዩ ቁጭ አሉ።