የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ይበቃል፦ «ዘ ሀንገር ጌምስ»

እኔ መጽሐፍ መግቢያው ላይ ካልያዘኝ አልታገልም፣ አስቀምጠዋለሁ። የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እስካሁን ለታዳጊዎች ከተጻፉት፣ ጨለማ የሆነ መጪ ዘመንን ከሚያሳዩ ልብወለዶች ውስጥ እንደሱ አጀማመሩ የሚይዘኝ አላገኘሁም።

ሩጫ የለም፣ ፍንዳታ የለም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትኒስ ከእንቅልፏ ስትነቃ እጇን ወደ ጎን ትዘረጋለች። ታናሽ እህቷ ፕሪም የለችም፣ ቦታው ቀዝቅዟል። ክፉ ሕልም አይታ እናቷ ጋ ሄዳ ተኝታለች። የዕጣው ቀን ነዋ! ዕጣው ምን እንደሆነ ግን ኮሊንስ ቶሎ አትነግረንም። ፕሪም በበሶብላ ቅጠል ጠቅልላ ለእህቷ ያስቀመጠችላትን የፍየል አይብ ታሳየናለች። ቀጥሎ መኖሪያቸውን የከበበው አጥር ይመጣል። ቀን ከሌት ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መብራት የለውም። ካትኒስ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። ድምፅ ከሌለ ከሥሩ ሾልካ ለአደን ጫካ ትገባለች። መንግሥቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔን ቀጥ አድርጎ የያዘኝ ግን የዕጣው ሂሳብ ነው። ዕጣ የወጣበት ልጅ፣ ልጆች እርስ በርስ ወደሚገዳደሉበት ውድድር ይላካል። ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው ስሙ አንድ ጊዜ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ እስከ 18 ድረስ በየዓመቱ አንድ ይጨመራል። የተራበ ልጅ ግን ስሙን ደግሞ ካስገባ ለአንድ ሰው የዓመት እህልና ዘይት ይሰጠዋል፣ ያውም ጥቂት። ካትኒስ ለራሷ፣ ለእናቷና ለፕሪም ብላ በየዓመቱ ሦስት ትጨምራለች። በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። የጓደኛዋ የጌል 42 ደርሷል። ልጆቹ ቤተሰባቸውን ለማብላት የራሳቸውን የሞት ዕድል ያበዛሉ። ይሄን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። የፕሪም ስም አንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እህቷ እንድትጨምር አልፈቀደችላትም።

የማልወደውም አለ። ከንቲባው የአገሪቱን ታሪክ የሚያነብበት ቦታ ትረካውን ያንቀረፍፈዋል፣ ባጭሩ ቢያልፍ ይሻል ነበር። ግን ወዲያው ስም የሚጠራበት ሰዓት ይደርሳል። ማን እንደተጠራ አልናገርም። ምዕራፉ እዚያው ላይ ይቆማል።

ማንበብ አልወድም የሚል ታዳጊ ካላችሁ ይህን ምዕራፍ ብቻ አንብብ በሉት። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ያለው ፈጣን ነው፣ ይጥማል። ለኔ ግን የመጀመሪያውን የሚያህል የለም።