ያለ ጠብ ያለፉ 5 እሁዶች

ጤና ቡድን ውስጥ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ። እሁድ ጠዋት ለጤና ብለን እንወጣለን፣ ተጣልተን እንገባለን። ገርጂ አካባቢ ያለን 8 ቡድኖች አምና ያደረግነው ውድድር እንደዚያ ነው ያለቀው። በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ሁለት ቡድኖች አቻ ከወጡ ሁለቱም ያልፋሉ። ታዲያ ምን አደረጉ? 70 ደቂቃ ሙሉ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀባበሉ ቆይተው 0 ለ 0 ወጡ። እኛ ቀድመን ጨርሰን ስለነበር ዳር ቆመን እያየን ወደቅን።

ዘንድሮ ገንዘብ አዋጥተን አዘጋጅ ያዝን። ስፖርት ሳይንስ የተማረ፣ ዳኝነትም የሚሠራ ወጣት ነው። ስሜን አትጻፉ ስላለ ትቼዋለሁ። የአምናውን ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓለም ዋንጫ ላይም ተደርጓል» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ስፔን፣ ሂኾን ከተማ ላይ ነው። ምዕራብ ጀርመን ኦስትሪያን 1 ለ 0 መራች። በዚያ ውጤት ሁለቱም ስለሚያልፉ ከዚያ በኋላ እግራቸውን ሰበሰቡ። አልጄሪያ ግን በዋዜማው ጨዋታዋን ጨርሳ ነበርና ወደቀች። ያቺ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ! ከ1986ቱ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በእኩል ሰዓት የሚጀመሩት በዚህ ሰበብ ነው።

ልጁ ታሪክ ነግሮን ብቻ አልቀረም። ለምኖ ሁለተኛ ሜዳ አገኘ፣ በኖራ አሰመረው። የመጨረሻው የምድብ ቀን በሁለቱ ሜዳዎች መሃል ቆሞ ስልኩን እያየ እጁን አነሳ። ሁለቱ ዳኞች አንድ ላይ ነፉ። ነጥብ እኩል ሲሆን በምን እንደሚለይም ከእጣው በፊት በወረቀት አስፈርሞናል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ቲሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ስላሠራ፣ በየዓመቱ በውሰት የሚመጣው ጢም ያላበቀለ «የ40 ዓመት ሰው» ዘንድሮ አልታየም።

ከሁሉ የማልረሳለት ግን ሌላ ነው። ከ40 በላይ የሆንነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ግፊት አስለካን። አንድ ጓደኛችን ታኬታውን አስሮ ጨርሷል። ልጁ ቁጥሩን አየና «ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ አሠልጣኝ ነዎት» ብሎ ወንበር አመጣለት። ሰውዬው ቱግ አለ። ማክሰኞ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደ፣ አሁን መድኃኒት ጀምሯል።

እንከን የለውም አልልም። ስልክ አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ ጻፉለት። በሰዓት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በረኛችን ታክሲ አጥቶ ሲዘገይ በ10 ሰው አስጀመረን። ጓንቱን አጥልቄ የገባሁት እኔ ነኝ፣ 2 ጎል ተቆጠረብኝ። (ቂም አልያዝኩም።)

16 ጨዋታ፣ 5 እሁድ፣ አንድም ቡጢ ሳይሰነዘር አለቀ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሜዳ ፍለጋው ጊዜ ስለሚወስድ ቢያንስ ከወር በፊት ንገሩት። የዳኞችና የኖራው ሒሳብ ለብቻው ነው።