የኤምፒያችን ቢሮ ሠራተኞች፣ እናመሰግናለን፤ እስካሁን ያልሄዳችሁ ደግሞ ሂዱ

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ ለንደን በአንድ የሰፈር አዳራሽ ውስጥ፣ የምርጫ ክልላችን የፓርላማ አባል፣ ማለትም ኤምፒያችን፣ እና የነዋሪውን ጉዳይ የሚይዙት ሠራተኛቸው ሰው ይቀበላሉ። ቀጠሮው «ሰርጀሪ» ስለሚባል ብዙ ወገኖቻችን የጂፒ ክሊኒክ ይመስላቸውና ያልፉታል። ከሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሚይዘው መሥሪያ ቤት) መልስ የጠፋበት፣ ግድግዳው የሻገተበት፣ ቤኔፊቱ (የመንግሥት ድጎማው) ያለ ማብራሪያ የተቋረጠበት ነዋሪ ምንም ሳይከፍል የሚስተናገድበት ቦታ ነው። ምስጋናችን በተለይ ለሠራተኛዋ ነው፤ ፊት ለፊት የሚታዩት ኤምፒው ቢሆኑም ደብዳቤ የሚጽፉት፣ ስልክ የሚደውሉት፣ መልስ ሲዘገይ የሚወተውቱት እሳቸው ናቸው።

ስማቸውንና የአዳራሹን አድራሻ ያልጻፍነው ለደህንነታቸው ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ ወደ ሰርጀሪያቸው ሲሄዱ፣ በ2021 ደግሞ ሌላው ኤምፒ ዴቪድ ኤመስ ሰርጀሪያቸው ላይ እንዳሉ ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ቢሮዎች በቀጠሮ ብቻ ይሠራሉ፤ ቦታውንም የሚነግሩት ቀጠሮ ለያዘ ሰው ነው። ለማንኛውም አገልግሎቱ በ650ውም የምርጫ ክልሎች አለ። የፓርላማው ድረ ገጽ ላይ የራስን ፖስት ኮድ ማስገባት በቂ ነው፣ የኤምፒው ስምና ኢሜይል ይወጣል። ዜግነት አይጠየቅም፣ መራጭ መሆንም ግዴታ አይደለም፤ በዚያ ክልል መኖር ይበቃል። የሌላ ሰፈር ኤምፒ ጋ መሄድ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ጉዳዩን ወደ ራሳችሁ ኤምፒ ይመልሱታል።

አንድ ሰው የሚያገኘው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ወረቀቱን ሁሉ በፌስታል አጭቆ የመጣ ሰው ደብዳቤ ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል። ስለዚህ አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ ሙሉ ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ቀን፣ ከታች ደግሞ የምትፈልጉት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር። የሆም ኦፊስ ጉዳይ ከሆነ ዩኤኤን የሚባለው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር፣ ከውጭ አገር ለገባ የቪዛ ማመልከቻ ጂደብሊውኤፍ ተብሎ የሚጀምረው ቁጥር ያስፈልጋል። አንዷ አሃዝ ከተሳሳተች ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። አመልካቿ አዲስ አበባ ያለችው ሚስት ከሆነች ለንደን ያለው ባል ፊርማ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል፣ የእሷን የፈቃድ ፊርማ ቀድማችሁ አስልካችሁ ያዙ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያደናቅፈው የስም ጉዳይ ነው። ሚስት የባሏን ስም እንደማትይዝ፣ የልጅ መጨረሻ ስም የአባቱ የራሱ ስም ሊሆን እንደሚችል ለእንግሊዝ ቢሮ ካልተነገረው፣ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይመስሉታል። በዚያች አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጨምራችሁ አስረዱ። እኚህ ሠራተኛ ይህን ከተረዱ ወዲህ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ራሳቸው ያብራሩታል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባቸዋል።

የማይችሉትን ፊት ለፊት መናገራቸው ሌላው ደግ ነገር ነው። ኤምፒ የሆም ኦፊስን ውሳኔ መቀየርም ሆነ በፍርድ ቤትና በትሪቡናል ጉዳይ ጣልቃ መግባት አይችልም። ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፦ የእምቢታ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ለኤምፒ ይጽፋል፣ መልስ ሲጠብቅ የይግባኝ ቀኑ ያልፍበታል። ይግባኝ የተፈቀደለት ሰው፣ አገር ውስጥ ካለ 14 ቀን፣ ከውጭ ከሆነ 28 ቀን ነው ያለው። ቀኑ የኤምፒን መልስ አይጠብቅም። መጀመሪያ የተመዘገበ አማካሪ ወይም ሶሊሲተር (ጠበቃ)፣ ከዚያ ኤምፒ። ያልተመዘገበ ሰው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠቱ በሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ «እኔ እጨርስላችኋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። ለረጅም ጊዜ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱም የቲቢ ምርመራው ወረቀት የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ መሆኑን አይርሱ።

የቤት ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ ለአከራዩ፣ ቀጥሎ ለካውንስለር (ለአካባቢው ምክር ቤት ተመራጭ) ነው የሚባለው፤ ኤምፒ የካውንስል አለቃ አይደለም። ቢሆንም በኤምፒ ስም የተጻፈች ኢሜይል ስታርፍ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል። በካውንስል ወይም በሃውሲንግ አሶሲየሽን ቤት ለምትኖሩ አሁን ጠንካራ መያዣ አለ፦ በሮችዴል በሻገተ ቤት ምክንያት በ2 ዓመቱ በሞተው ሕፃን በአዋብ ኢስሃቅ ስም የተጠራው ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ይሠራል። አስቸኳይ አደጋ የሚያስከትል ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ ማግኘት አለበት። ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን መመርመር፣ ምርመራው ካለቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ አደጋው መወገድ አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው አከራዩ ካወቀበት ቀን ስለሆነ በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ በጽሑፍ ላኩ። ሻጋታውን ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ማስመሪያ አስደግፉ፣ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ደግማችሁ አንሱ። መስፋፋቱን ለማሳየት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረሰ በደል በቅሬታ ካልተፈታ ወደ ፓርላማ እንባ ጠባቂው የሚያልፈው በኤምፒ በኩል ነው። ቅጹ የኤምፒ ፊርማ ይፈልጋል፣ ችግሩን ካወቃችሁ ከ12 ወር በላይ አታቆዩት።

ኤምፒያችን በብሪታንያ የውጭ እርዳታ ላይ የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ብሪታንያ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶውን ለእርዳታ እንድታውል በ2015 ሕግ ወጣ፤ በ2021 ወደ 0.5 ወረደ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ በ2027 0.3 እንደሚሆን ተነገረ። ከዚያ ላይ፣ እዚሁ እንግሊዝ ያሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች የመጀመሪያ ዓመት ወጪ ከእርዳታው በጀት ይቆጠራል። በ2023 ብቻ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ከጠቅላላው 28 በመቶ ገደማ፣ በዚህ መልክ ወጥቷል። እዚህ ሆቴል ውስጥ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ልጅና አገር ቤት ሴፍቲኔት የሚጠብቀው ገበሬ ከአንድ ከረጢት ይካፈላሉ ማለት ነው። ኤምፒያችን ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ ሲያነሱ ጉዳዩ እንደገባቸው አውቀናል።

ለዚህ የሚጠቅመው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ኤምፒው ሚኒስትሩን በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ መልሱ በፓርላማው ድረ ገጽ ለሁሉም ይወጣል። ስለ አገር ቤት ሁኔታ ስድስት ገጽ ብትጽፉላቸው የሚመጣው መልስ ጠቅላላ ቃል ነው። «ለኢትዮጵያ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚህ በጀት ዓመት ስንት ተመደበ?» ብላችሁ አንዲት ጥያቄ ከሰጣችኋቸው ግን ሚኒስትሩ ከቁጥሩ መሸሽ ይከብዳቸዋል።

ቅዳሜው ከሞላ በኢሜይል ጻፉ፤ ፖስት ኮዳችሁን ከላይ አስቀምጡ፣ አለበለዚያ የክልሉ ነዋሪ መሆናችሁን እስኪያጣሩ ቀናት ይሄዳሉ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። ልጆቻችሁን ለማስተርጎም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሠራተኛዋ ልጅ ፊት ስለ ቤተሰብ ገንዘብና ሕመም መጠየቅ ይከብዳቸዋል።