ለአንድ የኪነ ጥበብ ፈንድ ማመልከት፦ አምስት ሰው፣ ስድስት ሳምንት፣ ዜሮ ብር

ከአምስት ኮከብ አንድ እሰጠዋለሁ። አንዷም ኢሜይል ለምትመልሰው ሠራተኛ ናት፤ በጠየቅናት ቁጥር በትህትና ትመልስልን ነበር።

የምገመግመው የአንድ ፈንድ የማመልከቻ ሥርዓት ነው። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ቲያትርና ሥዕል ገንዘብ ይሰጣል። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያየኋቸው አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው።

እኛ አምስት ነን። ሁለት ተዋንያን፣ ጸሐፊያችን፣ የመድረክ ዲዛይነራችንና አዘጋጇ እኔ። አንድ ተውኔት ይዘን አዳማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ልንዞር 12,000 ዩሮ ጠየቅን። በ2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቅጹን ስንከፍት አንድ ሳምንት ይበቃናል ብለን ነበር።

ቅጹ 14 ገጽ ነው። ስለ ተውኔቱ የሚጠይቀው ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ሌላው ሎግፍሬም (የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ሥራና ውጤት የሚያሳይ ሠንጠረዥ)፣ የሥጋት ትንተና፣ የዘላቂነት ዕቅድ፣ የባጀት ሠንጠረዥ። አንዱ ጥያቄ «ከተመልካቾች ስንት በመቶው አስተሳሰባቸውን ይለውጣሉ? በምንስ ታረጋግጣላችሁ?» ይላል። ሃያ ዓመት መድረክ ላይ የኖረው ተዋናያችን ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብቦ ዝም አለ። በመጨረሻ 60 በመቶ ብለን ጻፍን። ከየት እንዳመጣነው ማንም አያውቅም፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ይከነክነኛል።

የፕሮፎርማውን ጉዳይ ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ።

ደንቡ ከ200 ዩሮ በላይ ለሆነ ዕቃ ሁሉ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ሻጭ ዋጋውን ጽፎ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት፣ ይጠይቃል። እኛ እንዲህ ያሉ አራት ዕቃዎች ነበሩን፣ ስለዚህ አሥራ ሁለት ወረቀት። መርካቶ ሄድን። የመጋረጃ ጨርቅ የሚሸጠው ሰውዬ እስኪርቢቶውን አንስቶ ሜትሩን ከጠየቀን በኋላ ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ትገዛላችሁ ወይስ ለወረቀት ነው?» አለኝ። ገንዘቡ ከተፈቀደልን እንገዛለን አልኩት። እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። ከኋላችን የቆመችውን ገዢ ማስተናገድ ጀመረ፣ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አልፈርድበትም፤ ሱቁን የከፈተው ሊሸጥ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጽፎ ማኅተሙን መታልንና «ዋጋው ለአሥር ቀን ነው የሚጸናው» አለን። ፈንዱ መልስ የሚሰጠው በአምስት ወር ነው! የአሥር ቀን ዋጋ ለአምስት ወር ውሳኔ ምን ይጠቅማል?

አሥራ ሁለቱን ወረቀት ለመሰብሰብ ስድስት ቀን ፈጀብን። ሰብስበን እንደጨረስን ሐምሌ 22 መጣ፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀበት ቀን። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ባጀታችን ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ዴድላይኑ ነሐሴ 10 ስለነበር እንደገና መርካቶ፣ እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ያው ሰውዬ። ይራዘምልን ብለን ጠየቅን፤ ደንቡ አይፈቅድም ተባልን።

ትርጉሙም አለ። 58 ገጽ ተውኔት ሙሉውን በእንግሊዝኛ አምጡ አሉ። ጸሐፊያችን ቀን ያስተምራል፣ ሌሊት ይተረጉማል። አሥራ ሁለት ሌሊት ነው የሠራው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በስልኩ ብርሃን በደብተር ላይ ሲጽፍ አግኝቼዋለሁ። ለመጀመሪያው ዙር አሥር ገጽና አንድ ገጽ ማጠቃለያ ቢጠይቁ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

የሁላችንንም ሰዓት በማስታወሻ ደብተር እይዝ ነበር። 211 ሰዓት። አንዷ ተዋናይት ለዚህ ስትል የሁለት ቀን የማስታወቂያ ድምፅ ሥራ ትታለች። ታክሲ፣ ፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ካርድ ከኪሳችን ነው።

መልሱ በጥር መጣ፣ ሁለት መስመር። ብዙ ማመልከቻ ስለደረሰን ለየብቻ አስተያየት መስጠት አንችልም ይላል።

እምቢ መባል ያለ ነገር ነው፣ ተውኔታችን ተወዳድሮ ሊሸነፍ ይችላል። የሚያመኝ ሌላ ነው። ማመልከቻውን የሚመዘግበው ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነው። የሚዳኙት አበል አላቸው። ኦዲተሩም ይከፈለዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በነፃ የሚሠራው አርቲስቱ ብቻ ነው። ብናሸንፍ እንኳ ውል ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ አይሸፈንም ይላል መመሪያው፤ የአውሮፓ ኅብረት ግራንቶችም ማመልከቻ ለማዘጋጀት ለወጣ ወጪ አይከፍሉም። መቶ ቡድን እንደ እኛ ደክሞ አሥሩ ቢያሸንፍ የዘጠናው ድካም የት ገባ? ደግሞ ይህ የሚጎዳው እንደ እኛ ያለውን ትንሽ ቡድን ነው። ፕሮፖዛል ጸሐፊ የቀጠረ ድርጅት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ ኢንዱስትሪያ የተባለ የአርቲስቶች ቡድን ባወጣው ጥናት፣ በሕዝብ ገንዘብ ከሚተዳደሩ ተቋማት ጋር የሠሩ አርቲስቶች ያገኙት ክፍያ በትክክለኛው የሥራ ሰዓታቸው ሲሰላ መካከለኛው በሰዓት 2.60 ፓውንድ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ እንዲህ ከሆነ የእኛን አስቡት።

የተሻለ አሠራር ደግሞ አለ፣ ሲሠራ ታይቷል። የሆላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የሲድ ሽልማት ለ100 ጀማሪ አርቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዩሮ የሚሰጥ ሲሆን ገንዘቡ ለአንድ ፕሮጀክት ተቆርጦ የሚሰጥ አይደለም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መክፈል ስትጀምር ከ9,000 በላይ ሰው አመልክቶ ነበር። መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ተከፋዮቹ በዕጣ ተለዩ። ዕጣ ሲባል መጀመሪያ ከበደኝ፤ ሳስበው ግን ማንም 60 በመቶ ብሎ መፈልሰፍ አላስፈለገውም። የእንግሊዙ አርትስ ካውንስል ደግሞ አካል ጉዳተኛ አመልካች ቅጹን ለመሙላት ረዳት ሲያስፈልገው የረዳቱን ክፍያ ይሸፍናል። ማመልከት ራሱ ሥራ መሆኑን ያመነ ተቋም የሚያደርገው እንዲህ ነው።

ለፈንዱ ሰዎች የምለው አለኝ፣ ያነቡት እንደሆነ። መጀመሪያ ሁለት ገጽና በራሳችን ቋንቋ የተቀዳ አምስት ደቂቃ ድምፅ ይብቃችሁ። ፕሮፎርማ፣ ሙሉ ትርጉም፣ የባንክ ደብዳቤ ሾርት ሊስት (የመጀመሪያውን ዙር ያለፉት ዝርዝር) ከገባን በኋላ ጠይቁን፤ ሾርት ሊስት ለገቡት ደግሞ ለዚያ ሥራ ክፈሏቸው። ባለፈው ዙር ስንት አመለከተ፣ ስንት አለፈ የሚለውን ከቅጹ በላይ ጻፉት። ያን ቁጥር ብናውቅ ኖሮ ምናልባት አናመለክትም ነበር።

ለምታመለክቱ ደግሞ፦ ድርጅትና ቋሚ ሒሳብ ሠራተኛ ካላችሁ ይህ ፈንድ ይሆናችኋል። አራት አምስት ሆናችሁ በየቤቱ የምትለማመዱ ከሆነ ቅጹን ከመጀመራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፣ ሰዓታችሁንም መዝግቡ። እኛ አሁን ከሦስት ቀን በላይ የሚወስድ ማመልከቻ አንነካም። ባለፈው ወር ሁለት ገጽና አጭር ቪዲዮ ብቻ ለሚጠይቅ ሌላ ፈንድ ላክን። ቪዲዮውን በአማርኛ ተናግረን ከሥር እንግሊዝኛ ጻፍንበት፣ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። በማግስቱ ልምምድ ገባን።