ቡቺን ከለንደን ፍራንክፈርት አድርሰን በሰላም እንድንመለስ ለረዱን የእንስሳት ሐኪም

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩና ውሻችሁን በመኪና ይዛችሁ ወደ አውሮፓ ለመሻገር ያሰባችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ በምሥራቅ ለንደን የሚሠሩ አንድ የአገራችን ሰው የእንስሳት ሐኪም ኦገስት 2024 ላይ ለእኔና ለውሻዬ ለቡቺ ያደረጉልንን ሳልናገር ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ዶክተሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጉዞው ፍራንክፈርት ለምትኖረው እህቴ ልጅ የክርስትና በዓል ነበር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ቀኑን እንደ ሠርግ ወዲያና ወዲህ መግፋት አይቻልም፤ ቡቺን የምትጠብቅልኝ ጓደኛዬ ደግሞ አገር ቤት ሄዳ ነበር። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በብሪታንያ የተሰጠ የቤት እንስሳ ፓስፖርት ወደ አውሮፓ ኅብረት ስለማያስገባ፣ ለእያንዳንዱ ጉዞ መንግሥት ሥልጣን የሰጠው ሐኪም የሚፈርመው አዲስ የጤና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «ለውሻም ቪዛ መጣ?» ብላ ሳቀች። የሼንገን ቪዛ ለማግኘት ስንት ወረቀት እንደሰበሰብኩ ስለምታውቅ አልፈረድኩባትም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የክትባት ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ሁሉም የተሟላ ነው» በማለት የቀጠሮ ቀን ሰጥቶኝ ነበር። ለጉዞው 27 ቀን ሲቀረን አንዲት ጓደኛዬ ስትመክረኝ ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ዶክተሩ ዘንድ ወሰድኳት። እርሳቸው ከቆዳዋ ሥር የተቀበረውን መለያ ቺፕ (ማይክሮቺፕ) የሚያነበውን መሣሪያ በቡቺ ትከሻ ላይ ሁለት ጊዜ አሳለፉና 15ቱን ቁጥሮች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ እኔን በካርዱ ላይ አስከተሉኝ፤ ከዚያም ጣታቸውን ሁለት ቀኖች ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የተሰጠው ማይክሮቺፑ ከመቀበሩ ሦስት ቀን በፊት ነበር። «ልጄ፣ ይህ ክትባት ለድንበር አይቆጠርም፤ የተከተበችው ይህችው ውሻ ለመሆኗ ማስረጃ የለሽም» አሉኝ። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት፤ ያ ካልሆነ እንደገና አስከትቦ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። እዚያው በዚያው ከተቧት። ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ብሄድ ኖሮ ክርስትናውን በቪዲዮ እከታተል ነበር።

ሰርተፍኬቱ ወደ ኅብረቱ ከመግባት በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ መፈረም ስላለበት፣ ቀጠሮዬን ከጉዞው አራት ቀን በፊት አደረጉት። «በየት በኩል ትገቢያለሽ?» ሲሉኝ «ፍራንክፈርት» ብዬ መለስኩ፤ የሚፈለገው የምደርስበት ሳይሆን መጀመሪያ የምረግጠው አገር እንደሆነ አስረድተውኝ፣ በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በካሌ ስለምገባ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተዘጋጀውን ቅጽ አወጡ። ከኅትመቱ በተለየ ቀለም ፈርመው፣ ማኅተማቸውን አሳርፈው፣ ገጾቹን ያያዘውን ስቴፕል ለኮፒም ቢሆን እንዳልነቅለው አስጠነቀቁኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በመመለሻው ጉዳይ ነው። ውሻ ወደ ብሪታንያ ስትመለስ ከመድረሷ በፊት፣ ከ24 ሰዓት ባላነሰና ከ120 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በሐኪም እጅ የኮሶ ትል መድኃኒት መውሰድ አለባት፤ በአውሮፓ ምድር ቀበሮዎች የሚያሰራጩት፣ ሰውንም ክፉኛ የሚጎዳ የኮሶ ዓይነት ስላለ ነው። ክርስትናው እሑድ፣ መመለሻችን ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ስለነበር እኔ ሰኞ ጠዋት አደርሳለሁ ብዬ ነበር። ዶክተሩ ግን ሰኞ ክሊኒኩ ከተጨናነቀ 24 ሰዓቱ እንዳይጎድልብኝ ሰግተው ዓርብ ከቀኑ በ10 ሰዓት እንዳስቀጥር መከሩኝ፤ ሲቆጠር ልክ 100 ሰዓት ይሆናል። ለጀርመኑ ሐኪም የምሰጠው፣ የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ምን እንደሚሞላ የሚገልጽ ማስታወሻም ጽፈው ሰጡኝ። ያ ማስታወሻ ባይኖር አልቆልኝ ነበር፤ ቡቺ ኮሶዋን ከዋጠች በኋላ የጀርመኑ ሐኪም ቀኑን ጽፎ ሰዓቱን ሳይጽፍ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ማስታወሻውን አሳይቼ አስሞላሁት። ካሌ ላይ መኪናዎችን በባሕር ሥር ዋሻ ወደ እንግሊዝ በሚያሻግረው ባቡር ከመሳፈራችን በፊት የእንስሳት መቀበያው ሠራተኛ ማንበቢያውን ለእኔው ሰጥታ ቺፑን ካስነበበችኝ በኋላ፣ ሰርተፍኬቱን ገልጣ በቀጥታ ዓይኗን የጣለችው ያ ሰዓት ላይ ነበር። ከ35 ደቂቃ በኋላ ፎክስቶን ደረስን፤ ቡቺ ዋሻውን በሙሉ በእንቅልፍ ነው ያለፈችው።

ዶክተሩን የሚያስወቅሳቸው ነገር ቢኖር ስልካቸው ቶሎ አለመነሣቱ ነው፤ እኔ ሦስት ቀን ደውያለሁ። ለሰርተፍኬቱ የከፈልኩት ከ100 ፓውንድ በላይ ቢሆንም ለምክሩና ከፍራንክፈርት ለደወልኩላቸው ሁለት ጥሪዎች ምንም አልጠየቁኝም። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ከጉዞው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ የመጀመሪያውን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮፒ ብታሳዩአቸው ወደ ቤት ይመልሷችኋል።