ጂኤች፣ ጌሪት ወይስ ኢሜይል፦ ኮድ ከተርሚናል ለሪቪው ለመላክ የትኛው ያዋጣል?

ሰሞኑን ሦስት ወዳጆቼ ተራ በተራ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ፦ «ብሮውዘር ሳልከፍት፣ እዚያው ተርሚናል ላይ ሆኜ ኮዴን ለሪቪው የምልከው በምንድን ነው?» ሪቪው ማለት ኮዱ ከዋናው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌላ ሰው አይቶ አስተያየት የሚሰጥበት ሂደት ነው። ሁለቱ ጠይቀው ሄዱ። ሦስተኛው የመጣው ግን ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው። አሜሪካ ባለ አጎቱ ካርድ በየዓመቱ የሚታደስ የጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው መሣሪያ) ፕሮግራም ገዝቷል፤ ብሩን እዚህ ላሉት የአጎቱ ቤተሰቦች በዕለቱ ምንዛሪ ቆጥሮ ሰጥቷል። አብረን ከፍተን ስናየው፣ እሱ የሚፈልገው ሥራ በሙሉ ተርሚናሉ ላይ በነፃ የሚሠራ ነው። ከልቤ አዘንኩ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲሆን አንድ ጊዜ ልጻፈው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ፕሮጀክቱ ጊትሃብ (የጊት ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ ጂኤችን፣ ማለትም የጊትሃብን የራሱን የተርሚናል መሣሪያ፣ ያዙ፣ ሌላ አትፈልጉ። ጌሪትን (ሌላ የኮድ ሪቪው ሥርዓት ነው) እና ፓችን፣ ማለትም ለውጡን የያዘ የጽሑፍ ፋይል፣ በኢሜይል መላክን የምትማሩት የምትወዱት ፕሮጀክት ግድ ሲላችሁ ነው። ትዕዛዞቹን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ነው።

ሦስቱም አምስት ሳንቲም አያስከፍሉም። እውነተኛው ዋጋ ዳታ ነው። ጊት ክሎን ሲያደርግ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን ወደ ኮምፒውተራችሁ ሲያወርድ፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከሰረ በኋላ ነው። የሊኑክስ ከርነል ከነታሪኩ ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። እኔ 83 በመቶ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። በሞባይል ዳታ ልጨርሰው ብዬ ስገባ ከዜሮ ጀመረ፤ የወሩ ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አለቀ። ከዚያ ወዲህ «ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1» ካላልኩ አላወርድም። የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ያመጣል፤ የኋላውን ታሪክ ስትፈልጉ በ«ጊት ፌች --ዲፐን 50» በየጥቂቱ ትጨምሩበታላችሁ።

ጂኤችን የወደድኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፑል ሪኩዌስት (ባጭሩ ፒአር፣ «ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ) በብሮውዘር ሲከፈት ገጹ ምስሉንም ስክሪፕቱንም ጎትቶ ይመጣል፤ ጂኤች የሚያመጣው ጽሑፉን ነው። ለመግባት «ጂኤች ኦዝ ሎጊን» ስትሉ ባለ ስምንት ሆሄ ኮድ ያሳያችኋል፤ ኮዱን ስልካችሁ ላይ ብታስገቡትም ይሠራል። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ ፑሽ (ኮድ ወደ ሰርቨሩ መላክ) በፓስዎርድ አይቀበልምና፣ ቶክን (በፓስዎርድ ፋንታ የሚያገለግል ረጅም ኮድ) እየሠሩ ከመገልበጥ ይህ ይገላግላል። ቀጥሎ ብራንች (ለለውጡ የሚከፈት ቅርንጫፍ)፣ ኮሚት፣ ከዚያ «ጂኤች ፒአር ክሪኤት --ፊል --ድራፍት»። ድራፍት ገና ረቂቅ ነው ማለት ነው። የፕሮጀክቱ አባል ካልሆናችሁ ፎርኩን፣ ማለትም በራሳችሁ አካውንት ሥር የሚሆነውን የፕሮጀክቱን ቅጂ፣ ላድርግላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቴስቱ አልፎ እንደሆነ «ጂኤች ፒአር ቼክስ» ይነግራችኋል። በካፌ ወይም በጋራ ኮምፒውተር ከሠራችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት «ጂኤች ኦዝ ሎግአውት» በሉ።

ስትጭኑት ተጠንቀቁ። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ በዚሁ ስም የተቀመጠ ሌላ ፓኬጅ አለ፤ የጊትሃብ አይደለም። አንድ ባልደረባዬ እሱን ጭኖ ትዕዛዙ እምቢ ሲለው ጥፋቱ የራሱ መስሎት አንድ ከሰዓት በሙሉ ለፋ። በስናፕ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት አንዱ መንገድ) የሚመጣውንም የጂኤች ሠሪዎች ራሳቸው አትጫኑ ይላሉ። ከጊትሃብ የራሱ የአፕት (የኡቡንቱና የዴቢያን ፕሮግራም መጫኛ) ማከማቻ አውርዱ፣ ከዚያ «ጂኤች --ቨርዥን» ብላችሁ በ2 የሚጀምር ቁጥር መምጣቱን እዩ።

ሌላው ያንገበገበኝ ፖርት 22 ነው፤ ኤስኤስኤች የሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነት የሚያልፍበት በር። የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ዘግቶት ኖሮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የኤስኤስኤች ቁልፍ እየሰረዝኩ እንደገና ስሠራ ከረምኩ። ቁልፉ ምንም አልነበረበትም። ጊትሃብ ኤስኤስኤችን በፖርት 443ም ይቀበላል፤ በኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይላችሁ ላይ ሆስትኔሙን «ኤስኤስኤች ነጥብ ጊትሃብ ነጥብ ኮም»፣ ፖርቱን 443 ማድረግ በቂ ነው።

ለቡድን የምትጠይቁኝም አላችሁ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በነፃው አካውንት የግል ሪፖ (የፕሮጀክት ማከማቻ) ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ሰው ማስገባት ይቻላል። ለአንድ ሰው በወር 4 ዶላር የሚጠይቀው የቡድን ክፍያ የሚያስፈልገው ሪቪው ያላለፈ ኮድ የግል ሪፖው ሜይን (ዋናው ብራንች) ላይ እንዳይገባ በግዴታ መቆለፍ ስትፈልጉ ነው። አምስት ሰው ከሆናችሁ በዓመት 240 ዶላር ማለት ነው። አምስት ሰው ተነጋግሮ መግባባት ይችላል፤ ዶላሩን አስቀምጡት።

ጌሪት መጥፎ መሣሪያ አይደለም። አንድሮይድ የሚገነባበት ነው፣ ዊኪፒዲያን የሚያንቀሳቅሰው ሚዲያዊኪም በእሱ ነው የሚሠራው። ፎርክ የሚባል ጣጣ የለም፤ «ሬፍስ/ፎር/ሜይን» ወደሚባለው መድረሻ ፑሽ ካደረጋችሁ ሪቪው ተከፈተ። ጥገናው ግን ያደክማል። እያንዳንዱ ኮሚት ግርጌው ላይ ቼንጅ-አይዲ የሚባል መስመር ይፈልጋል፤ እሱን የሚጽፈውን የኮሚት-መልዕክት ሁክ (ኮሚት ስታደርጉ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ስክሪፕት) ካልጫናችሁ ፑሹ ይመለሳል። እርማት ሲጠይቋችሁ አዲስ ኮሚት መጨመር የለም፤ የነበረውን «--አሜንድ» ማድረግ ነው። እኔ ለፍጥነት ብዬ አሜንዱን ከነአዲስ መልዕክቱ በ«-ኤም» ጻፍኩት። የድሮው ቼንጅ-አይዲ ጠፋ፣ ሁኩ ሌላ ሰጠው፣ ሪቪወሮቹ የሳምንት አስተያየታቸውን የጻፉበት ገጽ እዚያው ቀርቶ ባዶ ሁለተኛ ገጽ ተከፈተ። ይቅርታ ጠይቄ አንዱን ዘጋሁ። በተጨማሪም ኤስኤስኤቹ የሚሄደው በፖርት 29418 ነው፤ 22ን የዘጋ ኔትወርክ ይህን ይከፍታል ብላችሁ አትጠብቁ።

በዳታ ዋጋ ብቻ ብንፈርድ ኢሜይል ሁሉንም ያሸንፋል። ፓች ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ መብራትም ኔትወርክም በሌለበት በባትሪ ሠርታችሁ «ጊት ፎርማት-ፓች» ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ኔትወርኩ ብቅ ሲል በ«ጊት ሴንድ-ኢሜይል» ይሄዳል። የሊኑክስ ከርነል እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚህ ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት መጀመሪያ ላይ ነው። ኡቡንቱ ላይ «ጊት-ኢሜይል» የሚባለው ፓኬጅ ለብቻው ይጫናል። ጂሜይል በተራ ፓስዎርዳችሁ አይቀበላችሁም፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስዎርድ ማውጣት አለባችሁ። ፓቹን ገልብጣችሁ ጂሜይል ገጽ ላይ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ታቡ ወደ ባዶ ቦታ ይቀየራል፣ ረጅሙ መስመር ይሰበራል፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ አልገባም ይላል። መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት፣ የደረሳችሁን በ«ጊት ኤኤም» አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ለሰው።

ጊትላብ (ጊትሃብን የሚመስል ሌላ ድረ ገጽ) ላይ ያላችሁ ምንም ተጨማሪ አትጫኑ። ፑሽ ስታደርጉ «-ኦ መርጅ_ሪኩዌስት.ክሪኤት» ከጨመራችሁ ሪኩዌስቱ አብሮ ይከፈታል።

ፕሮግራም የገዛው ወዳጄ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ተቀመጥን። ጂኤችን ጫንን፣ ኮዱን ስልኩ ላይ አስገባ፣ አንድ ሪድሚ ውስጥ ያገኘውን የተሳሳተ ሊንክ አርሞ በድራፍት ላከው። ከዚያ ለአጎቱ ደውሎ የሚቀጥለውን ዓመት እድሳት ከካርዱ ላይ እንዲያጠፋለት ነገረው።